የውሰት ስም
(ተከታታይ ታሪክ)

ክፍል አንድ፦ የብስኩት ቆርቆሮ

ያሲን የብስኩቱን ቆርቆሮ በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ሲከፍት እናቱ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ቆርቆሮው ቁልፍ የለውም። ያም ሆኖ ያሲን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ያለ እሷ ፈቃድ የነካው ሰው አልነበረም። ከውስጡ አንድ ፎቶግራፍና በላስቲክ የታሰሩ የሐዋላ ደረሰኞች ወጡ። ፎቶግራፉን ያውቀዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር እናቱ አውጥታ ታሳየዋለች። አንድ ቀጭን ሰው ትከሻው ላይ የሽቦ ጥቅል አንጠልጥሎ፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ጨፈን ብሎ ቆሟል። ከኋላው ነጭ የላስቲክ ግድግዳ አለ። ድሪስ ነው፤ አባቱ። በጀርባው በተንጋደደ የዓረብኛ ጽሕፈት «ሳን ኢሲድሮ» የሚል ተጽፎበታል።

ደረሰኞቹን ግን አንድ ቀን እንኳ አንብቧቸው አያውቅም። አሁንም ጊዜ አልነበረውም። ከላይ ያለውን መዘዘና ከፎቶግራፉ ጋር በዳቦ ከረጢት ጠቀለለው፤ ሆዱ ላይ በፕላስተር ለጥፎ፣ ሹራቡን ጎትቶ ሸፍኖት ወጣ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ግንቦት 9 ቀን 2013። ከተማዋ በሰሜን ሞሮኮ የምትገኘው ፍኒዴቅ ናት። ፍኒዴቅን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ከከተማዋ ዳር ተነሥቶ በእግር የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይደክም ሴኡታ ይደርሳል። ሴኡታ ደግሞ በአፍሪካ ምድር ላይ የተቀመጠች፣ ሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር የማትሞላ የስፔን ከተማ ናት። በመካከላቸው ሁለት ረድፍ አጥር አለ፤ አጥሩ ባሕር ውስጥ የሚያልቅበት ቦታ ታራኻል ይባላል። የፍኒዴቅ ልጅ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ አውሮፓን ያያል፤ ማታ ሲተኛም መብራቷን ያያል።

የያሲን እናት ልጇን ያሳደገችው በዚያ ድንበር ነው። ሕጉ ሰው ተሸክሞት የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ግል ዕቃ ስለሚቆጥረው ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ነጋዴዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ብርድ ልብሱን፣ ልባሽ ጨርቁን፣ ሳሙናውን በሴቶች ጀርባ ላይ ይጭኑት ነበር። አንዱ ሸክም እስከ 80 ኪሎ ይደርስ ነበር። ለአንድ ምልልስ የሚከፈለው ጥቂት ዩሮ ነበር። ገመዱ በትከሻዋ ላይ ያወጣውን ጠባሳ ያሲን ልጅ ሆኖ በጣቱ እየዳሰሰ ይተኛ ነበር፤ ለስለስ ያለ፣ ሲነኩት የሚያንሸራትት ጠባሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ሞሮኮ ያንን ንግድ አስቆመች። በማርች 2020 ኮሮና መጣና ድንበሩ ጭራሹን ተዘጋ። እናቱ ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት እያጠበች የእለት ጉርስ ትፈልጋለች።

ያን ሰሞን ሁለቱ መንግሥታት ተኳርፈው ነበር። ስፔን ምዕራብ ሳሐራን ከሞሮኮ ነፃ ለማውጣት የሚታገለውን የፖሊሳሪዮ ንቅናቄ መሪ ተቀብላ ታሳክማለች፤ ሞሮኮ ተቆጥታለች። ጠባቂዎቿ ዓይናቸውን ከባሕሩ አነሡ። «በሩ ክፍት ነው» የሚለው ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ዘለለ፤ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ 8,000 ሰው ተሻገረ። ከመካከላቸው ከሺህ የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ትልልቆች ሲጣሉ ባሕር ውስጥ የገቡት ልጆች መሆናቸው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሞሮኮዎች እንዲህ የሚሻገረውን ሰው «ሓራጋ» ይሉታል፤ አቃጣዮች ማለት ነው። ብዙው ማን እንደሆነ ታውቆ እንዳይመለስ ወረቀቱን አቃጥሎ ነው የሚሄደው። የያሲን አባትም እ.ኤ.አ. በ2009 ተሻገረ። ያሲን ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ገንዘቡ ለሰባት ዓመት መጣ፤ ከዚያ ገንዘቡም ስልኩም ቀረ። ሞተ የሚልም፣ ሌላ አገባ የሚልም አልጠፋም። እናቱ ለሁለቱም መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ያሲን ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በብብቱ ሥር አስሮ ከድንጋዩ ቁልል ወደ ታች ተንሸራተተ። በቀኙ አንዲት ሴት ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ትዋኛለች። በግራው ልጆች «አላህ» እያሉ ይንጫጫሉ። አጥሩ ጫፍ ላይ ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ መልሶ አጋጨውና ጉልበቱ ተላጠ። ሆዱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቀዘፈ። እግሩ አሸዋ ሲነካ እንደ ሌሎቹ አልሮጠም። የመንገድ መብራት ሥር ቁጢጥ ብሎ ፕላስተሩን ላጠና ከረጢቱን ፈታ።

ፎቶግራፉ ጥጉ ረጥቧል፤ ፊቱ ደኅና ነው። ደረሰኙንም ዘረጋው። ተቀባይ፦ የእናቱ ስም። ቀን፦ እ.ኤ.አ. ጁን 2016። ላኪ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

ላኪው ድሪስ አይደለም። አብደልቃድር ይላል።

(ይቀጥላል)

ክፍል ሁለት፦ ሻይ ቤቱ

«እማ፣ አብደልቃድር ማነው?»

ሴኡታ ውስጥ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለው በተውሶ ነበር። ስልኩን ያዋሰው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ደቂቃ ይቆጥራል። እናቱ ከአምላክ ጋር ስትሟገትበት ያደረችው ድምፅ ተሰማት፤ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላም ሰደበችው፣ መልሳ አለቀሰች። ስሙን ሲጠራ ግን ዝም አለች።

«ቆርቆሮዬን ከፈትክ?»

«ማነው እማ?»

«አላውቀውም። መጀመሪያ አባትህ በራሱ ስም ነበር የሚልከው። ኋላ ደውሎ ‹ከእንግዲህ በጓደኛዬ ስም ይመጣል፤ ምንም አትጠይቂኝ› አለኝ። አልጠየቅሁትም። ገንዘቡ ሲመጣ ያንን ስም እየጠራሁ ተቀበልኩ።»

«ከዚያ በኋላስ ድምፁን ሰምተሻል?»

«አንድ ጊዜ። እሱ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር፣ ልጄ። ጉንፋንም ይዞት ነበር።» ልጁ ስልኩን ነጠቀው።

ስለ ሴኡታው ጊዜ ብዙ አልናገርም። ልጆቹ መጀመሪያ ድንበሩ አጠገብ ባሉ መጋዘኖች፣ ቀጥሎም በስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተፋፍገው ከረሙ። በኦገስት አሥራ አምስት አሥራ አምስት እያደረጉ ወደ ሞሮኮ ይመልሷቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ፍርድ ቤት አገደው፤ የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 ሕገወጥ ነበር ሲል ፈረደ። ያሲን ግን ፍርድ እስኪመጣ አልጠበቀም። «ነገ ዝርዝሩ ውስጥ አለህ» የሚል ወሬ በሰማበት ሌሊት ከአዳራሹ ወጥቶ ወደብ ገባ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሆድ ሥር ተጣበቀ። መርከቡ አልኼሲራስ የሚደርሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያሲን ስለዚያ ሰዓት ሲጠየቅ የሚያነሣው የናፍጣውን ሽታ ብቻ ነው።

ከዚያ የልጆች ማሳደጊያ ገባ። ቋንቋ ተማረ፤ የቧንቧ ሥራ ተማረ። ስፔን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ደንቧን አሻሽላ ነበርና እንደሱ ብቻቸውን የመጡ ልጆች የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ማግኘት ቀለላቸው። በ2023 ጃንዋሪ ላይ 18 ዓመት ሞልቶት ከማሳደጊያው ሲሰናበት ኪሱ ውስጥ የገዛ ስሙ የታተመበት ካርድ ነበር። የእኛ ስደተኞች «ወረቀት አገኘ» ይላሉ፤ ሞሮኮዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ በቀጥታ ወደ አልሜሪያ ሄደ።

አልሜሪያ ሲቃረብ ያሲን መጀመሪያ ባሕር ያየ መሰለው። ነጭ ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ይወዛወዛል። ላስቲክ ነው። ከ30,000 ሄክታር በላይ መሬት በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ቲማቲም፣ ቃሪያና ኪያር ይበቅላል፤ ለአውሮፓ የክረምት ገበታ ከሚደርሰው አትክልት ብዙው ከዚህ ነው የሚጫነው። በበጋ ውስጡ እንደ ምድጃ ስለሚግል ጣሪያውን በኖራ ይቀቡታል። ፎቶግራፉ ላይ ከአባቱ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ይኸው ነው። ግን የትኛው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ሳን ኢሲድሮ ከአልሜሪያ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ኒኻር በሚባለው ወረዳ ውስጥ አለች። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወንዶች በአደባባዩ ዳር ይኮለኮላሉ። መኪና ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ባለ እርሻው በጣቱ ሁለት ሦስቱን ጠቁሞ ይጭናል፤ የቀረው እስከ ረፋዱ ቆሞ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ያሲን አራት ጠዋት ፎቶግራፉን ይዞ ዞረ። «ድሪስን ታውቁታላችሁ?» ድሪስ የሚባል አላውቅም ይሉታል። ፎቶግራፉንማ ገና ሲያወጣው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ በዚህ አካባቢ ፎቶ ይዞ የሚጠይቅ ሰው አይወደድም።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሻይ ቤት ገባ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው። የናና ቅጠሉን በመዳፉ አሽቶ ብርጭቆ ውስጥ እየጨመረ አዳመጠው። ያሲን ፎቶግራፉን አላወጣም፤ የሚጠይቀውን ስም ቀየረ።

«አሚ፣ አብደልቃድር የሚባል ሰው ያውቃሉ?» አሚ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል።

የሽማግሌው እጅ ቆመ።

«የትኛው አብደልቃድር? የቤኒ መላሉ?»

«አላውቅም። ገንዘብ ይልክልን ነበር።»

«እሱማ ኩላሊቱን ታሞ አገሬ ልሙት አለ። አልሜሪያ ወደብ ድረስ አድርሼ መርከብ ላይ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ያኔ 2014 ነበር፣ በዚያው ዓመት ተቀበረ። ነፍሱን ይማር።»

ያሲን ደረሰኙን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጣቱን ቀኑ ላይ አደረገ። ጁን 2016።

ሽማግሌው መነጽሩን አጥልቆ ዝቅ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ደም አልነበረውም። ምንም ሳይናገር ተነሣ፣ የሻይ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀረና ጀርባውን አስደግፎት ቆመ።

«ማነው የላከህ?» አለው። «ፖሊስ ነው?»

(ይቀጥላል)

ክፍል ሦስት፦ መዓለም

ያሲን አፉ ደርቆ መልስ አልመጣለትም። ሆዱን ዳሰሰ፤ ፎቶግራፉን ዛሬም የሚይዘው እዚያው ነው። አውጥቶ ሰጠው።

ሽማግሌው ፊቱን ሳይሆን የሽቦውን ጥቅል ነው ያየው። «መዓለም» አለ በሹክሹክታ። ቀጥሎ ልጁን አየ፣ ፎቶግራፉን አየ፣ ልጁን አየ። «ጉንጭህ…» አለና መጨረስ አቃተው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

መዓለም በሞሮኮ የሙያ ባለቤት የሆነ ሰው የሚጠራበት ነው፤ ግንበኛውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ሙዚቀኛውም። አባቱ ነፋስ የገነጠለውን ላስቲክ የሽቦው መረብ ላይ ወጥቶ የሚወጥር ሰው ነበር። ከሥሩ ባዶ አየር፣ ከእግሩ በታች እንደ እርሳስ የቀጠነ ሽቦ። በዚያ ሥራ የሚስተካከለው ስላልነበረ ሰው ሁሉ መዓለም ይለዋል። ሌላ ስሙን ማንም አይጠይቀውም፤ እሱም አይናገርም።

«ስማኝ ልጄ» አለ ሽማግሌው። «አባትህና አብደልቃድር አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። አብደልቃድር ወረቀት ነበረው፤ አባትህ የለውም። ወረቀት የሌለው ሰው እዚህ በግማሽ ዋጋ ይሠራል፤ ሲያሰኛቸው ያንንም ይከለክሉታል። አብደልቃድር ሊሄድ ሲል ካርዱን ትራሱ ሥር ትቶለት ሄደ። ‹ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ እስኪያልቅ ሥራበት› አለው። እዚያ ሞተ፤ እዚህ አልሞተም። ገባህ? እዚህ አብደልቃድር በየቀኑ ሥራ ይገባ ነበር።»

«ፓስፖርቱስ? የራሱ?»

«አቃጠለው። ፖሊስ ፈትሾ ሁለት ስም ቢያገኝበት አለቀለት። አንድ ኪስ ሁለት ስም አይችልም።»

ያሲን ደረሰኙን አጥፎ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። ታዲያ አባቱ ነበር የሚልከው። ሁሉንም የላከው አባቱ ነው። ግን ለምን 2016 ላይ ቀረ? ካርዱ ጊዜው አለቀ ማለት ነው፤ የሐዋላ ቤቱም ጊዜው ባለፈ ካርድ አይልክም።

እዚህ ላይ እኔን ተራኪውን የሚያመኝ ነገር አለ። የስፔን ሕግ ያኔ ያለ ፈቃድ ለኖረ ሰው አንዲት ቀዳዳ ትቶ ነበር። ሦስት ዓመት በአገሪቱ መኖሩን አስረድቶ፣ የሚቀጥረው ሰው ካገኘ ወረቀት መጠየቅ ይችል ነበር። ድሪስ ከሦስት ዓመት እጥፍ በላይ ኖሯል፤ ውልም ነበረው፣ ግብርም ከፍሏል። ግን ውሉና ግብሩ በአብደልቃድር ስም ነው የተመዘገበው። ላቡ ለሙት ሰው ተቆጠረ። የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ቢቀርብ፣ በሰው ካርድ መሥራቱን ራሱ መስክሮ ወንጀለኛ መሆኑ ነው። የሰው መታወቂያ ማጭበርበሪያ ነው ብለው የሚፈርዱ አሉ፤ አልከራከራቸውም። ሽቦው ላይ የቆመው ሰው ግን እሱ ነበር።

«ለምን አልደወለም?» ጥያቄው ከያሲን አፍ እንደ ጩኸት ወጣ። «ገንዘቡ ይቅር። ለምን አልደወለም?»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ብርጭቆውን አሽከረከረ። «እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ባዶ እጄን ምን ብዬ?› አለኝ። ወሩ ዓመት ሆነ። ዓመቱ ሲረዝም ደግሞ ስልኩ ከበደው።»

«አሁን የት ነው?»

«ኤል ዋሊሊ።» ሽማግሌው ሰዓቱን አየና ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ያ አላህ! ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

ጃንዋሪ 30 ነበር።

ኤል ዋሊሊ በላስቲኮቹ መካከል የበቀለ የጎጆ ሠፈር ነው፤ ነበር ልበል። ወደ 500 ሰው ይኖርበት ነበር፣ ሞሮኮው፣ ጋናው፣ ሌላውም። ግድግዳው የዕቃ መጫኛ ጣውላ፣ ክዳኑ ከእርሻው የተጣለ አሮጌ ላስቲክ። ውኃና መብራት በወጉ አልገባለትም። ማዘጋጃ ቤቱ ሊያፈርሰው ቀን ቆርጦ ነበር፤ ያ ቀን ዛሬ ነው። ሽማግሌውና ያሲን ሲደርሱ መንገዱ በፖሊስ ተዘግቷል። ከወዲያ የቡልዶዘሩ ክንድ ወጣ ዝቅ ይላል። አንዱን ጎጆ ሲጫነው ድምፅ እንኳ ብዙ የለውም፤ ላስቲኩ እፍ ብሎ ይተነፍሳል፣ ጣውላው ቀጭ ይላል፣ ያበቃል። ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው፣ ጋዝ ሲሊንደር እያንከባለሉ፣ ድስት በእጃቸው አንጠልጥለው በመንገዱ ዳር ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ድመት በጉያዋ ይዛለች።

«መዓለምን ያየ?» ሽማግሌው ያገኘውን ሁሉ ይጠይቃል። «መዓለምን?»

አንድ ወጣት በአገጩ ወደ ተጠፈጠፈው መሬት አመለከተ። «ቤቱ ያ ነበር። ማልዶ በብስክሌት ወጥቷል። ፖሊስ ያለበት አይቆምም እሱ።»

ያሲን ያን ሌሊት በሻይ ቤቱ ወንበሮች ላይ ተጋደመ እንጂ አልተኛም። አፉን ሲያለማምድ አደረ። «ባባ።» ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣው በአራት ዓመቱ ነው። በጎረምሳ ድምፅ ሲሰማው የሌላ ሰው ቃል መሰለው። ከንጋቱ በፊት ጃኬቱን ደርቦ ወደ አደባባዩ ሄደ። «ቤት ቢፈርስም ሆድ አይፈርስም፤ ይመጣል» ብሎት ነበር ሽማግሌው።

ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ወንዶቹ ኮፍያቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከወደ ላስቲኮቹ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ መጣ። የብስክሌቱ ኮርቻ ላይ የላስቲክ ከረጢት ታስሯል። በትከሻው ላይ የሽቦ ጥቅል አለ። እንደ ሌሎቹ አልቆመም፤ አደባባዩን በጥላው በኩል እየታከከ ያልፋል።

ያሲን አፉን ከፈተ። ባባ የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ቀረ።

«ድሪስ!» አለ።

ሰውየው አልዞረም። እርምጃውም አልተዛነፈም። አሥር ሜትር፣ አሥራ አምስት፣ ከመብራቱ ወጥቶ ጨለማው ሊውጠው ነው። ያሲን ሮጠ። ጉልበቱ እየተብረከረከ ጮኸ፦

«አብደልቃድር!»

ብስክሌቱ ቆመ። ሰውየው ፊቱን አላዞረም። ብስክሌቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስተኛው፤ ሁለት እጁን ከጎኑ አራቀ፣ መዳፎቹ እንዲታዩ ገለበጣቸው። ጣቶቹ በሽቦ ተተልትለው የዳኑ ናቸው፤ ሲነኳቸው የሚያንሸራትቱ ይመስላሉ። ከዚያ በስፔንኛ፣ እንደ ለመደው ሰው፣ ጨለማውን እያየ ተናገረ።

«ወረቀቴ ቤት ነው ያለው፣ ጌታዬ።»

ያሲን እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ ጣቶቹ የገዛ ካርዱን እንደጨበጡ ደርቆ ቀረ። ቤቱ የፈረሰው ትናንት ነው።

(ይቀጥላል)